ምጣድ ያሞቃል?

እናቴ ሞተሬን መጀመሪያ ያየች ቀን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምጣድ ያሞቃል?»

2001 ዓ.ም. ነበር፣ መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት። የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለአካባቢው ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ አራት አምስት እንጀራ እንደወጣ መብራቱ ድርግም ይላል። ሰፈሩ ባንድ አፍ «ውይ!» ይላል። እናቴ ግን ውይ ብላ አታውቅም። ሊጡን ትከድናለች፣ መቀነቷን ጠበቅ ታደርጋለች፣ ወደ ጓሮው የማገዶ ምድጃ ትዞራለች። ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት የቀረውን ትጨርሳለች። ትልልቆቹ ሰዎች በየበሩ ቆመው ምክንያቱን ይተነትናሉ፦ ግድቦቹ ውሃ አነሳቸው፣ ፈላጊው በዛ፣ ተከዜና ጊቤ ሁለት ገና አላለቁም። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ግድብ መጠበቅ የሌሎች ሰዎች ጣጣ ይመስለኝ ነበር።

የኔ መፍትሔ የመጣው በወረቀት ነው። አንድ የሰፈር ጓደኛዬ ታጥፋ ታጥፋ ልትበጠስ የደረሰች ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ላይዋ ላይ በእጅ የተገለበጠ የሞተር ስዕል አለ። ስዕሉን ያሰራጨው ጆን ቤዲኒ የሚባል አሜሪካዊ አምፕሊፋየር ሠሪ ነው፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪሞት ድረስ ራሱን የሚመግብ ሞተር ሕልም አልለቀቀውም። ይህን ቀላሉን አንዲት ተማሪ ለሳይንስ ውድድር ሠርታዋለች ስለሚባል «የተማሪዋ ሞተር» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከግርጌው የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም በቀይ እስክሪፕቶ «ሁለተኛ ባትሪ ይሞላል!!!» ብሎ ጽፎበታል። ሦስት ቃለ አጋኖ። እኔን የጣለኝ ሦስተኛው ነው።

አሠራሩ ግን እውነትም ያምራል። ሌላው ሞተር ሳያቋርጥ ይጠጣል፤ ይኼኛው ጉንጭ ጉንጭ እያለ ነው። የሚሽከረከር ሳህን ላይ ማግኔቶች ይለጠፋሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዋልታቸውን ወደ ላይ አድርገው። ከነሱ በላይ መሐሉ ብረት የሆነ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይንጠለጠላል። በጥቅሉ ላይ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተጠምጥመዋል፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፈር ያለ። ማግኔት በሥሩ ሲያልፍ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያቺ ቅንጣት ትራንዚስተሩን ትቀሰቅሰዋለች፤ ትራንዚስተሩ ለወፍራሙ ሽቦ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ጥቅሉም ለቅጽበት ማግኔት ሆኖ አላፊውን ከኋላው ገፍትሮ ይሰደዋል። ወዲያው በሩ ይዘጋል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ሕፃን የሚገፋ ሰው እንደዚያው ነው፤ ሲመጣ ገፋ፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ። ምት፣ ዝም። ምት፣ ዝም።

ጉዱ ያለው «ዝም» ውስጥ ነው። በሩ ድንገት ሲዘጋ ጥቅሉ ውስጥ የነበረው የማግኔት ጉልበት መሄጃ ያጣና ከባትሪው ቮልት ብዙ እጥፍ የሆነ ምት ይወረውራል። የመኪና ቦቢና ከ12 ቮልት ባትሪ ተነስቶ በካንዴላው ጫፍ ብልጭታ የሚያስፈነጥቀው በዚሁ ብልሃት ነው። በሞተሩ ላይ ይህን ምት በዳዮድ ተቀብለህ ወደ ሌላ ባትሪ ትመራዋለህ። አንደኛው ባትሪ ሞተሩን ሲያዞር ሁለተኛው ይሞላል። ከዚያ ታለዋውጣቸዋለህ። ከዚያ ደግሞ ታለዋውጣቸዋለህ። በዚህ ሒሳብ እናቴ ጭስ ተሰናበተች ማለት ነው።

ዕቃ ፍለጋው ሁለት ወር ፈጀ። ያኔ ቪዲዮ ቤቶች እየከሰሙ ስለነበር የተጣለ ዴክ በየሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። የዴክ ራስ የሚባለው፣ ካሴቱን የሚያነበው የሚያብረቀርቅ ድብልብል ብረት፣ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ቅቤ ነው፤ በጣት ነካ ካደረጉት ረስተውት ሌላ ወሬ እስኪጀምሩ ይዞራል። ስንት የህንድ ፊልም ያለቀሰበት ራስ ይሆን እያልኩ ፈታሁት። በላዩ ላይ ሁለት አሮጌ ሲዲ አጣብቄ አሰርኩ። የጥቅሉን ሽቦ ሞተር ከሚጠመጥም ሰው ለመንኩ፤ ከተቃጠለ ስታብላይዘር የተረፈ ነው። መጠምጠሚያው ከልብስ ሰፊ የተገኘ የክር በከራ። የመሐሉን ብረት የሠራሁት ለፌሮ ማሰሪያ ከሚውለው ጥቁር ሽቦ ነው፤ እኩል እኩል ቆራርጬ በከራው ቀዳዳ ውስጥ እስኪጠብቅ ጠቀጠቅኩት። ትራንዚስተሩ ጠጋኞች «ሠላሳ ሃምሳ አምስት» የሚሉት፣ ሁለት የተበሳ ጆሮ ያለው የብረት ቆብ ነው፤ አሮጌ አምፕሊፋየር ውስጥ አይጠፋም። ሽቦውን ስንጠመጥም ጓደኛዬ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። 317 ላይ አንዲት የሰፈር ልጅ በበሩ አለፈች። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አላመንኩትም፤ እስከ ዛሬ «ወደ 400 ዙር» ነው የምለው።

ማግኔቱ ነው ያስቸገረን። ከተቀደደ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ያለውን ጥቁር ቀለበት ፈታነው፤ የሚያስፈልገን አራት፣ ያለን አንድ። ወረቀቱ ስለዚህ ምንም አይልም። ቀለበቱን ሞረድ ላይ አስደግፈን በመዶሻ ስንመታው አራት ቦታ ተሰበረ፣ ስብርባሪውም እንደ ሙሉው አንድ ፊቱ አንድ ዋልታ ሆኖ ተገኘ። ሰባራው ግን እኩል አይደለም፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ፍርፋሪ። ሳህኑ ሲዞር እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ጓደኛዬ ያኝከው የነበረውን ማስቲካ አውጥቶ በቀላሉ ማግኔት ጎን ለጠፈበትና ቀጥ አለ። ይህን መላ በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁትም።

መጀመሪያ ያስነሳነው እሑድ ከሰዓት ነው። ይህ ሞተር ራሱን አያስነሳም፣ በጣት መገፋት ይፈልጋል። ገፋሁት። ፍዝዝ ብሎ ሁለቴ ዞረና፣ ሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር ያዘው። ዝዝዝ የሚል ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ማግኔቶቹ ተቀላቅለው አንድ ግራጫ መስመር እስኪሆኑ ፈጠነ። ጓደኛዬ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ከዚያ በሱፐር ግሉ የተለጠፈው አንደኛው ስባሪ ተፈናጥሮ ሄዶ የእናቴን ረከቦት መታ። ሁለት ሲኒ። እሷ ስትገባ የቀረው ሳህን እየተንገጫገጨ ገና ይዞራል። ሲኒዎቹን አየች፣ ሞተሩን አየች፣ ያን ጊዜ ነው የጠየቀችኝ።

«አዎ ያሞቃል» አልኳት። «ትንሽ ይቀረዋል እንጂ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ማግኔቶቹን በክር ጠፍረን በኢፖክሲ ለበጥናቸው። ሦስት ትራንዚስተር አቃጠልን፤ ሁለተኛው ባትሪ ሳይያያዝ ሞተሩ ከዞረ ምቱ መውጫ ሲያጣ የሚበላው ትራንዚስተሩን መሆኑ የገባን ከሦስተኛው በኋላ ነው። መከላከያው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሞከሪያ ካቻቢቴ እጀታ ውስጥ የምትገኘው ትንሿ ቀይ መብራት ሆነች። ያቺ መብራት ወደ 70፣ 80 ቮልት ካላገኘች አትበራም፤ እኛ ያለን 12 ቮልት ነው። የሁለተኛውን ባትሪ ሽቦ ነቀል ሳደርግ ብርት አለች። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ብርቱካንማ፣ እንደ ፍም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከ12 ውስጥ 80 ካወጣሁ የቀረው ምን አለ?

ግድግዳ የሚጋሩን እትዬ በማግስቱ በራችንን አንኳኩ። «ሬዲዮዬን ምን አስነከሳችሁት?» አሉ። ሞተሩ ሲነሳ የሳቸው ሬዲዮ ጠጠጠጠ ይላል፣ ሲቆም ዝም። እያንዳንዷ ምት ግድግዳውን አልፋ እሳቸው ዘንድ ትደርሳለች። ሬዲዮ ጣቢያ ከፈትኩ ብዬ ኮራሁ።

ወሬው ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? አንድ ደላላ መጣ። ጥሬ ሥጋ ቤቶቹ በር ላይ ቤትና መኪና የሚያገናኝ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተቀባ ሰው ነው። ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ቀይዋን መብራት አበራሁለት። «ነፍሴ፣ አንተ እኮ ሚሊየነር ነህ፣ አታውቀውም እንጂ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ምክር ሰጠኝ፦ ለማንም አታሳይ፣ ማንም እንዳይለካው። ሁለተኛዋን ያኔ ልብ አላልኳትም። ዛሬ በየጊዜው ያለ ነዳጅ፣ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ውሃ የሚሠራ ጄኔሬተር ሠራሁ የሚል ሰው በቴሌቪዥን ሲቀርብ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን ደላላ ነው። ሠሪውን አልንቀውም፣ እንዴት እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ አይተኛም። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 የዘላለም ሞተር ሐሳብ ከእንግዲህ አላይም ብሎ በሩን እንደዘጋ ያነበብኩት በኋላ ነው። አካዳሚው ባይዘጋ ኖሮ የእኔ ደላላ ወረፋ ይይዝልኝ ነበር።

እኔ ግን መለካት ፈለግሁ፤ ሐቀኛ ስለሆንኩ ሳይሆን ቁጥሩን ለሰው ለማሳየት ነው። የነበረን ቴስተር ዲጂታል ነው። ከሞተሩ አጠገብ ስናቀርበው ያብዳል፤ 3፣ 47፣ 11፣ 190። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ «ባለ መርፌ ቴስተር ነው የሚያስፈልግህ፤ ያ እዚህ ያለው ሰዓት ሠሪው ጋ ነው» አለኝ።

ሰዓት ሠሪው በአንድ አሮጌ ባለ እንጨት በረንዳ ቤት ሥር፣ ከመስታወት ሣጥን ብዙም በማይበልጥ ሱቅ ውስጥ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አባታቸው ሠራተኛ ሰፈር ነበሩ፤ ያ ሰፈር በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ አንጥረኛና አናጺ የሰፈረበት በመሆኑ ጋሼ «እኛ እጃችን ሳይፈታ አልተወለድንም» ይላሉ። በቀኝ ዓይናቸው የሰዓት ሠሪ መነጽር ይሰካሉ፤ ሲያወሩም አያወልቁትም፣ ስለዚህ አንዱ ዓይናቸው ሁልጊዜ ካንተ የበለጠ ነገር የሚያይ ይመስላል።

ቴስተሩን አላዋሱኝም። «ሞተሩን አምጣው» አሉ።

አመጣሁት። ቀይዋን መብራት አበራሁላቸው። አልገረማቸውም። ሁለተኛው ባትሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ12 ወደ 14 ቮልት ሲወጣ አሳየኋቸው። «ሞላ!» አልኩ።

«ድራፍት ሲቀዳ አይተህ ታውቃለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አረፋው አፉ ድረስ ደረሰ ማለት ብርጭቆው ሞላ ማለት ነው? ሽቦውን ንቀልና እናየዋለን።»

ነቀልኩት። ሻይ ታዘዘ። ሻዩ ሳይጠጣ መርፌዋ 14ን ትታ፣ 13ን አልፋ፣ ከ12 ትንሽ ከፍ ብላ ቆመች።

«ቮልት አረፋ ነው» አሉ ጋሼ። «እኔ የምጠይቅህ ስንት ብርጭቆ እንደሆነ ነው።»

የሲጋራ ካርቶን ቀደው በጀርባው ጻፉልኝ። ከተጣለ ዩፒኤስ ያወጣናቸው ሁለት እኩል ባትሪዎች አሉን፣ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት። ሁለተኛውን በ5 ዋት የመኪና ፓርኪንግ አምፖል መርፌዋ 11 እስክትነካ አድክመው። ከዚያ ሞተሩን 8 ሰዓት አዙርና ከአንደኛው የሚወጣውን አምፔር ጻፍ፤ መርፌ ስለምትዘገይ ምቱን ሁሉ አማካይ አድርጋ ታነብልሃለች። ባትሪውን አንድ ሰዓት አሳርፈው። ያንኑ አምፖል አብራና 11 እስክትደርስ ቁጠር። ከተበደርከው በላይ ከመለሰ ደላላህን ጥራው። ስለ ደላላው እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም፤ ፒያሳ ነው።

መርፌዋ ያነበበችው 0.35 አምፔር ነው። በ12 ቮልት 4.2 ዋት፤ በ8 ሰዓት 33.6 ዋት ሰዓት። ያ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ባትሪ ቢሻገር የ5 ዋቱ አምፖል 6 ሰዓት ከ43 ደቂቃ መብራት አለበት።

ፈተናው የተደረገው መብራት በሌለበት ምሽት ነው። አምፖሉን በትንሽ ሽቦ ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አበራሁት። ቤታችን ብቻ በራ። እናቴ ጤፍ ስታበጥር ቀና ብላ አምፖሉን አየችና «ይኼስ ጥሩ ነው» አለች። እትዬ ሬዲዮ ላይ ያላቸውን ቂም ትተው በርጩማ ይዘው መጡ። ጓደኛዬ ገባ፣ የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። እኔ መርፌዋን እያየሁ በየአሥር ደቂቃው እጽፋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት የተከበርኩበት ጊዜ የለም። ሁሉም ተጫውቷል፣ ቡና ተፈልቷል፣ በቀሩት አራት ሲኒዎች። 2 ሰዓት ከ50 ላይ መርፌዋ 11ን ነካች። ከማጥፋቴ በፊት ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«አለቀ?» አለች እናቴ።

2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ከሰጠሁት ሲሶው ብቻ ነው የተመለሰው።

እሺ ያልኩ አይምሰላችሁ። ሬዚስተሩን ለወጥኩ። ጥቅሉን ወደ ማግኔቶቹ በወረቀት ውፍረት አስጠጋሁ። ኩሽኔታውን የልብስ ስፌት ዘይት አጠጣሁ። 2 ሰዓት ከ25፤ 2 ሰዓት ከ10፤ 2 ሰዓት ከ30። አምስተኛው ላይ መርፌዋ 11 ስትነካ ዓይኔን ጨፍኜ 10 ተኩል ድረስ ተውኳት። 20 ደቂቃ አተረፍኩ። ደብተሩን ለጋሼ ሰጠኋቸውና ወደ መንገዱ እያየሁ ቆምኩ።

ጋሼ ገጹን በመነጽራቸው እንደ ሰዓት አዩት። «መስመሩን ማን አወረደው?» አሉ።

ዝም አልኩ።

«ያንተ ሞተር ጥሩ ነው። የሠራኸው በጥሩ እጅ ነው። ትራንዚስተሩን ነክተኸዋል?»

«ያቃጥላል ጋሼ።»

«ሙቀቱን ከየት አመጣው? ኩሽኔታው የሚበላው አለ፣ ሳህኑ የሚያራግበው አየር አለ፣ ባትሪው ራሱ ሲቀበል የሚያስቀረው አለ። ሁሉም ካንድ ኪስ ነው የሚከፈለው። አንተ መልሱን ብቻ ስትቆጥር ነበር።»

ከዚያ ስለ እናቴ ጥያቄ ነገርኳቸው። ካርቶኑን ገልብጠው ሒሳብ ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይጠጣል። ሞተሬ የሚጠጣው 4.2። ሲካፈል 833። ያውም የሚጠጣውን እንጂ የሚሰጠውን አይደለም። ጋሼ ግን እዚያ አላቆሙም፤ ቁጥር ሲይዙ መልቀቅ አይወዱም። ከአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲገባ 43.2 ሜጋ ዋት፣ በጎልማሳነታቸው ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ነበር። «ለምጣድ እንመንዝረው» አሉ። ወጣ፦ 12,342 ምጣድ። ሁለታችንም ቁጥሩን ዝም ብለን አየነው። ያ ሁሉ ወንዝ ተገድቦ፣ ያ ሁሉ ተርባይን ዞሮ፣ 12,000 እናቶች ባንድ ጊዜ ሊጥ ቢያስቀምጡ ያልቃል። ፈረቃ ለምን እንደመጣ ከዚያች ካርቶን የተሻለ ያስረዳኝ የለም። ለነገሩ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2002፣ ተከዜ በ300፣ ጊቤ ሁለት በ420፣ በለስ በ460 ሜጋ ዋት ተከታትለው ተመረቁና ፈረቃው ላላ። በጋሼ ስሌት ማወቅ ለሚፈልግ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ 337,000 ምጣድ ናቸው።

ልሄድ ስነሳ «ና ቁጭ በል» አሉኝ። ከግድግዳቸው አንድ ተራ ሰዓት አወረዱ፣ ከጀርባው ያለውን ጥቁር ሣጥን በካቻቢቴ ጫፍ ከፈቱት። መነጽራቸውን ከዓይናቸው ነቅለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለእኔ ሰጡኝ።

ጥቅል አየሁ። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ፣ በሺህ የሚቆጠር ዙር። ከጎኑ ከምስር ፍሬ ያነሰች ማግኔት በብረት ቅጠሎች መሐል ተቀምጣለች። በየሴኮንዱ ግማሽ ዙር ትዞርና ትቆማለች። ምት፣ ዝም። ምት፣ ዝም።

«ያንተው ሞተር ነው» አሉ።

ሰባት ስምንት ሰዓቶች ግድግዳቸው ላይ ተሰቅለዋል። ሁሉም የኔ ሞተር። በየቤታችን ተሰቅሎ ስንት ዘመን ስናየው የኖርነው። ይህን ዓይነቱን ሞተር ማሪየስ ላቬ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳወጣው፣ ከኳርትዝ ጋር ተጣምሮ በእጅ ሰዓት ውስጥ ገብቶ ገበያ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በፈረንጆች ገና ዕለት በጃፓን፣ በሴይኮ እጅ መሆኑን በኋላ ነው ያነበብኩት። ጋሼ ስሞቹን አያውቁም፤ ቁጥሩን ግን ያውቃሉ። ኳርትዙ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። «ለሁለት ክፈለው» አሉኝ። 16,384። «ቀጥል።» 8,192። ካርቶኑ ሞላ፣ በእጄ መዳፍ ላይ ቀጠልኩ። አሥራ አምስተኛው ላይ አንድ ቀረ። በሴኮንድ አንድ ምት። ያቺ ምት ናት ማግኔቷን የምትገፋት፤ ቀጣይዋ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለምትመጣ የቀረውን ግማሽ ታዞራለች። ለዚህ ሁሉ አንድ የባትሪ ድንጋይ ዓመት ከዚያም በላይ ይበቃዋል።

«ይህ ለምን ይበቃዋል? ያንተ ለምን አልበቃውም?»

አላውቅም አልኩ።

«ይህ የሚያዞረው እሱኑ መርፌ ብቻ ነው። ያንተ ምጣድ አምሮት።»

ያን ቀን አንድ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ድንጋዩ የደከመ ሰዓት አምጥተው አቆሙት። የሴኮንዱ መርፌ ዘጠኝ ቁጥር አጠገብ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ወደ ላይ ይሞክራል፣ ይመለሳል፣ ይሞክራል፣ ይመለሳል። ሰዎች ሰዓቱ ተበላሸ ብለው የሚያመጡላቸው አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት መርፌው ሽቅብ ይወጣል፤ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ተጋድሞ ክብደቱ በሙሉ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የደከመች ምት እሱን ማንሳት ያቅታታል። «ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ጊዮርጊስ እንደሚወጣ ሽማግሌ ነው» አሉ። «አልሞተም፣ ዳገቱ ላይ ነው።»

ደላላው ሁለት ሦስቴ ተመልሶ መጣ። ካርቶኑን አሳየሁት። አንብቦ ሳይሆን አሽትቶ የመለሰልኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያየኝ ሰዓቱን ይመለከታል።

ሞተሩ የእኛ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ቆየ። እኔ ኤሌክትሪክ ተማርኩ፤ ዛሬም ሥራዬ ሌሎች ሰዎች የሠሩትን መለካት ነው፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። የጋሼ መስታወት ሣጥን መጀመሪያ ግማሹ፣ ከዚያ ሙሉው የስልክ ቆብና ቻርጀር መሸጫ ሆነ። ሻጩ ልጅ ሰዓት ሠሪውን የት ሄዱ ስለው «የትኛው ሰዓት ሠሪ?» አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቁም ሣጥኑን ስናወርድ ሞተሩ ከላዩ ወድቆ ሲዲው ተሰነጠቀ፤ ማስቲካው ግን እንዳለ ነው፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ። እናቴ ለራሷ ከጫነቻቸው ዕቃዎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሲኒዎች ናቸው።

አሁን የምትኖረው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጋገር ትታለች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ጋሼ ያን ጊዜ የሰጡኝ ሰዓት ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት ደወለች።

«ሥራ ላይ ነህ?»

«ነኝ፣ ምነው?»

«ኧረ ሞተርህ ዳገቱ ላይ ቆመብኝ።»

እሑድ ስሄድ አንድ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ሄድኩ።